የፍቺ ጠበቃ ዋጋ፦ ባለጉዳዩ የሚከፍለው ለየትኛው ሥራ ነው?

በኢትዮጵያ ለፍቺ ጉዳይ ጠበቃ ለማቆም ስንት ብር ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤት ደጃፍም ሆነ በዘመድ አዝማድ ምክክር ላይ ዘወትር ይነሣል፤ ነገር ግን ባለጉዳዩ ለጠበቃው ሙያዊ አገልግሎት የሚከፍለው ገንዘብ በሁለቱ ስምምነት የሚወሰን በመሆኑ ጥያቄው በአንድ ቁጥር የሚመለስ አይደለም። አንዱ ጠበቃ በአንድ ማመልከቻና በጥቂት ቀጠሮ የሚያበቃ ጉዳይ ይዞ መጠነኛ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ሌላው ዓመታት የሚፈጅ የንብረት ክርክር ይዞ ከቤቱ ግምት በመቶኛ ይደራደራል፤ ሁለቱም ሥራቸውን «የፍቺ ጉዳይ» ብለው ስለሚጠሩት ግን ዋጋ የሚጠያይቁ ባለጉዳዮች ብዙ ጊዜ የማይነጻጸረውን ያነጻጽራሉ። በዚህ ዳሰሳ የሚቀርበው ዋና ሐሳብ፣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ፍቺው ራሱ ርካሽ መሆኑ፣ የሚያስወጣው ግን የፍቺ ውጤት የሚባለው፣ ይኸውም የንብረት ክፍፍሉ፣ የልጆች አስተዳደጉና የቀለቡ ክርክር መሆኑ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚፈቅደው ምክንያት እየለየ ነበር፤ ዝሙት፣ ትዳርን ጥሎ መሄድና የመሳሰሉት ከባድ ምክንያቶች ተብለው ሲቆጠሩ፣ ሌላው ሁሉ ከከባድ በታች ነበር፤ ሥልጣኑም የመደበኛው ፍርድ ቤት ሳይሆን የቤተ ዘመድ ዳኞች፣ ማለትም ባልና ሚስቱ ከየወገናቸው የሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ነበር። ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ሀብቱ ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ስለነበር፣ ክርክሩ ማን በደለ በሚለው ላይ ይሽከረከር፣ የጓዳ ምስጢር በምስክር ይሰማ፣ ሽማግሌዎቹ የሰጡትን ውሳኔ የተቃወመውም ወገን ወደ ፍርድ ቤት ያመራ ነበር። ለሽማግሌ የጥብቅና ዋጋ አይከፈልም፤ ይሁንና ለጉባኤው የሚወጣው መስተንግዶና መጓጓዣ፣ በተለይም የሚባክነው ጊዜ ቀላል እንዳልነበር፣ «ሰማንያ መቅደድ» የሚባለው ነገር ለሴቲቱ ወገን ከባዶ እጅ መመለስ ጋር በአንድ ትንፋሽ ይነገር እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ያውቁታል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይህን ሥርዓት ከመሠረቱ ለወጠው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ያለውን ተከትሎ፣ አዋጁ ፍቺ የመወሰን ሥልጣንን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ ሽማግሌዎች ከዚያ በኋላ አስታራቂ እንጂ ዳኛ አይደሉም። ከጠበቃ ዋጋ አንጻር ደግሞ ይበልጥ የከበደው ለውጥ ሌላው ነው፤ ፍቺ ለማግኘት የተቃራኒን ጥፋት ማስረዳት አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። አንደኛው ወገን ትዳሩ ይብቃኝ ካለ ፍርድ ቤቱ የሚያሰላስልበት ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ በግድ ኑር አይለውም። ስለዚህ «ባለቤቴ ፍቺ አልሰጥም ብሏል፣ ጠበቃ ካልያዝሁ አያሸንፈኝም ወይ» የሚለው የብዙ ሴቶች ስጋት በሕጉ መሠረት የለውም፤ በዚህ ስጋት ላይ ተመሥርቶ የሚጠየቅ ከፍተኛ ክፍያም እንዲሁ መሠረት የለውም።

በአዋጁ ሁለት የፍቺ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የስምምነት ፍቺ ሲሆን፣ ባልና ሚስቱ ለመፋታት መስማማታቸውንና ንብረታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ቀለቡን በተመለከተ የተስማሙበትን በጽሑፍ አድርገው እንዲጸድቅላቸው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። የተፋቱበትን ምክንያት እንዲገልጹ አይገደዱም። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን በአንድነት ወይም በተናጠል አነጋግሮ ስምምነቱ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ፣ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን ያረጋግጣል፤ አስፈላጊ መስሎ ከታየውም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የጠበቃው ሥራ በዋናነት የአርቃቂ ሥራ ነው፤ ዳኛው ሊያነጋግር የሚፈልገው ባለትዳሮቹን ስለሆነ ጠበቃው እነርሱን ተክቶ የሚቆምበት ቦታ ጠባብ ነው። ስለሆነም ለስምምነት ፍቺ የሚጠየቀው ክፍያ ሰነድ ለማዘጋጀት ከሚጠየቀው ክፍያ ጋር መቀራረብ ይገባዋል፤ አንድ ጠበቃ ለሁለቱም ወገን ስምምነቱን ሲያረቅ ደግሞ ወጪው በሁለት የሚካፈል ይሆናል። በእርግጥ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባልየው የቀጠረው ጠበቃ ያረቀቀውን ስምምነት ሚስቲቱ ሳታነብብ ስትፈርም የቆጠበችው የጠበቃ ዋጋ ካጣችው ድርሻ ጋር ሊተያይ የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ረቂቁን ለሌላ ጠበቃ አሳይቶ የአንድ ጊዜ ምክር መግዛት ከሁሉ የሚሻለው ወጪ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ በአንደኛው ወገን ጥያቄ የሚቀርብ ፍቺ ነው። አመልካቹ ማመልከቻውን ለሬጅስትራር አስገብቶ መዝገብ ያስከፍታል፤ ለተጠሪው መጥሪያ ይደርሳል፤ መልስ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ለማግባባት ይሞክራል፣ ከፈለጉም ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ይመራቸዋል፤ ይህ ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል፤ ዕርቁ ካልተሳካ የሽማግሌዎቹ ሪፖርት በደረሰው ወይም ጊዜው ባለቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን መወሰን አለበት። በዚህ መካከል ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል፤ አንድ ብርቱ ጠበቃ ዋጋውን የሚያስቆጥረውም በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ባልየው መኪናውን ለሌላ አስተላልፎ፣ የባንክ ሂሳቡን ባዶ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ የሚመጣ ፍርድ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ማመልከቻው በገባበት ሰሞን በካርታውና በሊብሬው ላይ እግድ ያስወጣ፣ ለባንኩም ትእዛዝ ያጻፈ ጠበቃ ግን ከዚያ በኋላ ከሚደረገው ክርክር ይልቅ ብዙ ሠርቷል። ሦስት ገጽ ማመልከቻ ብዙ ብር አስከፈለኝ ብሎ የሚያማርር ባለጉዳይ ይህን ሳያይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ነው ሒሳቡ የሚጀምረው። ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን በግል ጥረታቸውም ሆነ ከንብረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ በአንዳቸው ስም የተመዘገበ ንብረት ሳይቀር የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተደርጎ ይገመታል። ይህ የሕግ ግምት፣ ማለትም ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እውነት የሚወሰድ ድምዳሜ፣ የማስረዳቱን ሸክም የግሌ ነው በሚለው ወገን ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ምንም ሰነድ በእጇ ለሌላት ሚስት ትልቅ ጋሻ ነው። ክርክሩ የሚበረታው ግን የንብረቱ ታሪክ ከጋብቻው ታሪክ ጋር ሲጠላለፍ ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም አንደኛው ወገን ሳያገባ ይመዘገባል፣ ቁጠባው በጋብቻ ዘመን ይቀጥላል፣ ዕጣው ከዓመታት በኋላ ይወጣል፣ የባንክ ዕዳው ደግሞ ፍቺው በሚጠየቅበት ጊዜም አልተከፈለም፤ ከዚህ ውስጥ የትኛው የግል፣ የትኛው የጋራ መሆኑን ለመለየት የቁጠባ ደብተር፣ የውል ቀን፣ የደመወዝ መግለጫና የብድር ሂሳብ መደርደር ግድ ይላል። በወንድም ወይም በእናት ስም የተያዘ ካርታ፣ በአክሲዮን የተቀመጠ ገንዘብ፣ በንግድ ፈቃድ ስር ያለ ዕቃ ሲጨመርበት ጉዳዩ ከቤተሰብ ክርክርነት አልፎ የሒሳብ ምርመራ ይሆናል።

ትዳሩ መቼ አበቃ የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ የሕግ ትርጉሙ በበታች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ የሆነው አካል፣ በመዝገብ ቁጥር 20938 በሰጠው ውሳኔ፣ ተጋቢዎች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው አንዳቸው ሌላ ትዳር መሥርተው ከኖሩ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል ተቀብሏል። በዚህ ምክንያት ከሃያ ዓመት በፊት «ተለያይተናል» ብለው ወደየቤታቸው የሄዱ ባልና ሚስት ዛሬ ቢካሰሱ፣ አብረው የኖሩበትን ዘመን በምስክር ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችም ንብረት የጋራ የሚሆነው ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን የትኛው ነው በሚለው ላይ ብዙ ቀጠሮ ይባክናል። እያንዳንዱ ምስክር ቀጠሮ ነው፤ እያንዳንዱ ቀጠሮም በጠበቃው ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ ተሰልቷል።

አሁን ወደ ክፍያው ዓይነት መምጣት ይቻላል። የተለመደው ጥቅል ክፍያ ነው፤ ጠበቃው ለጠቅላላው ጉዳይ አንድ ገንዘብ ይጠይቅና ከፊሉን ውሉ ሲፈረም፣ ከፊሉን ክርክሩ ሲሰማ፣ ቀሪውን ውሳኔ ሲሰጥ ይቀበላል። ሌላው በየደረጃው የሚከፈል ነው፤ ለመጀመሪያ ደረጃ አንድ ዋጋ፣ ለይግባኝ ሌላ፣ ለሰበር ሌላ፣ ለአፈጻጸም ሌላ። በሰዓት ማስከፈል በንግድ ጉዳዮች ላይ በሚሠሩ የጥብቅና ድርጅቶች ዘንድ ይታያል እንጂ በቤተሰብ ጉዳይ ብዙም አልተለመደም። ባለጉዳዮችን ይበልጥ የሚያደናግረው ግን አራተኛው፣ ማለትም ከንብረቱ ግምት በመቶኛ የሚታሰበው ክፍያ ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚከተለውን ሒሳብ መውሰድ ይቻላል። ባልና ሚስት በ8 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት አላቸው፤ 1.5 ሚሊዮን ብር የባንክ ዕዳ አለባቸው፤ ቤቱ የጋራ መሆኑን ባልየው አይክድም፣ የሚከራከረው ግን 2 ሚሊዮን ብሩ ከውርስ ያገኘሁት የግል ገንዘቤ ነው በሚል ነው። ሚስቲቱ ለጠበቃዋ 5 በመቶ ልትከፍል ተስማማች። አምስት በመቶው ከምን ላይ ነው የሚታሰበው? ከቤቱ ጠቅላላ ግምት ከሆነ 400,000 ብር ነው። ዕዳው ተቀንሶ ከቀረው 6.5 ሚሊዮን የእርሷ ግማሽ፣ ማለትም ከ3.25 ሚሊዮኑ ላይ ከሆነ 162,500 ብር ነው። ጠበቃው በእውነት በክርክሩ ካስገኘላት፣ ይኸውም ከ2 ሚሊዮኑ ግማሽ ላይ ከሆነ ደግሞ 50,000 ብር ብቻ ነው። መቶኛው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ስምንት እጥፍ ነው። ጠበቃው ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ በላዩ 15 በመቶ ሲጨመር የመጀመሪያው ሒሳብ 460,000 ብር ይደርሳል።

ይህ ሒሳብ የሚያሳየው በመቶኛ ማስከፈል በንብረት ክፍፍል ላይ ከሌላው የፍትሐ ብሔር ክርክር የተለየ ችግር እንዳለው ነው። ዕዳ የሚያስመልስ ከሳሽ ካልረታ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ስለዚህ ካገኘው ላይ ለጠበቃው ቢያካፍል ያስኬዳል። የጋራ ሀብት ግን በሕጉ እኩል ይካፈላል፤ ያልተካደውን ግማሽ ባለጉዳዩ ያለ ጠበቃም ያገኘው ነበር። ሕጉ አስቀድሞ የሰጠውን ድርሻ እንደ ጠበቃው ድል ቆጥሮ ከላዩ ላይ መቶኛ መቁጠር፣ በውል ነጻነት ስም ቢፈቀድ እንኳ፣ ለሥራው ተመጣጣኝ ነው ለማለት ያስቸግራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውክልና ክፍል ከተሰጠው አገልግሎት ጋር የማይመጣጠን የተወካይ አበልን ፍርድ ቤት ሊቀንስ እንደሚችል መደንገጉ ችግሩ አዲስ እንዳልሆነ ያመለክታል፤ ሆኖም ከአንድ ክርክር ደክሞ የወጣ ሰው ከጠበቃው ጋር ሁለተኛ ክርክር ለመጀመር አቅሙም ፍላጎቱም የሚኖረው ከስንት አንድ ነው።

ከጠበቃው ዋጋ ውጭ ያሉት ወጪዎች በተናጠል ሲታዩ ትናንሽ ናቸው፤ ተደምረው ግን አይናቁም። የዳኝነት ክፍያ፣ ማለትም መዝገብ ለማስከፈት ለፍርድ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ፣ ለረጅም ዘመን ሲሰላ የኖረው በ1940ዎቹ በወጣ ታሪፍ በመሆኑ በፍቺ ጥያቄ ላይ ያለው ሸክም ቀላል ነበር፤ ተመኑ ስለሚሻሻል ወቅታዊውን ከሬጅስትራር መጠየቅ ይገባል። ለጠበቃ የሚሰጠው ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሕዝቡ አሁንም «ውልና ማስረጃ» በሚለው መሥሪያ ቤት፣ ይመዘገባል። ቤቱ በባለሙያ ይገመታል፤ ሊስማሙ ካልቻሉ በሐራጅ ይሸጣል፣ በሐራጅ የሚገኘው ዋጋ ደግሞ በገበያ ከሚገኘው ማነሱ የተለመደ ስለሆነ ይህ ልዩነት ራሱ ከሁሉም የከፋ ወጪ ነው። ጠበቃ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሄድ የመጓጓዣና የውሎ አበል ይጠየቃል።

አሸናፊው ወገን ያወጣውን ከተሸናፊው ማስመለስ ይችላል ወይ የሚለውም ከዋጋው ጋር አብሮ መታየት አለበት። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጪና ኪሳራ እንዲተካ የማዘዝ ሥልጣን ለፍርድ ቤቱ ይሰጣል፤ በብዙ የክስ አቤቱታዎች መጨረሻ ላይ «የጠበቃ አበል 10 በመቶ» የሚል ጥያቄ ተጽፎ የሚታየውም ለዚህ ነው። በቤተሰብ ችሎት ግን የውሳኔዎች ማሳረጊያ በአመዛኙ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ» የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በክፍፍል ክርክር ሁለቱም ጥቂት ይረታሉ፣ ጥቂት ይረታባቸዋል፣ ዳኞችም በተፋቺዎች መካከል አዲስ ዕዳ ከመፍጠር ይቆጠባሉ። ስለዚህ ጠበቃ የሚያቆም ሰው የሚከፍለውን ገንዘብ እንደማይመለስ አድርጎ ቢያስብ ይሻላል። በአዋጁ አንቀጽ 84 ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሣ እንዲከፍል ፍትሕ ሲያስገድድ ሊታዘዝ እንደሚችል ቢደነገግም፣ ይህ ከጠበቃ ዋጋ የተለየ ነገር ነው።

የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ፣ በፍቺ ጉዳይ ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ባለጉዳዩ ራሱ ሊከራከር ይችላል፤ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድም ያለ የቅርብ ዘመድም የጥብቅና ፈቃድ ሳይኖረው በውክልና ሊከራከርለት የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። ከፍርድ ቤት አጥር ውጭ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ይዘው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጻፊዎች ለዚህ ዓይነቱ ባለጉዳይ ዋና መጠጊያ ናቸው፤ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፣ የልማድ ዕውቀታቸውም የሚናቅ አይደለም፣ ነገር ግን በማመልከቻው ሳይጠቀስ የቀረ ንብረት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ማመልከቻውን ያስጻፈው ሰው ብቻ ነው። ከእነርሱ መካከል «ጉዳይ ገዳይ» የሚባሉት፣ ፈቃድ ሳይኖራቸው ዳኛውን አውቀዋለሁ እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉት፣ ጨርሶ መራቅ የሚገባቸው ናቸው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ፣ ይኸውም ድህነቱን አስረድቶ ያለ ክፍያ መዝገብ በማስከፈት ሥርዓት፣ መክሰስ ይችላል፤ ይህ ግን የሚያድነው ከፍርድ ቤቱ ክፍያ እንጂ ከጠበቃው ክፍያ አይደለም።

ነጻ የሕግ ድጋፍን በተመለከተ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስም አስቀድሞ ይነሣል። ማኅበሩ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከተሟገቱት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን፣ ለብዙ ሴቶች የክስ ማመልከቻ በነጻ በመጻፍና ጠበቃ በማቆም የፍቺ ክርክርን ከገንዘብ አቅም ጋር የሚያስተሳስረውን ገመድ ለማላላት ሞክሯል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ የማኅበሩ አገልግሎት ክፉኛ ተጎዳ፤ አዋጁ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም በየክልሉ ያግዛሉ። በ1992 የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ደግሞ እያንዳንዱ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። ደንቡ በጎ ነው፤ ችግሩ፣ እነዚያ ሰዓቶች የት እንደሚገኙ ባለጉዳዩ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ነው።

እስካሁን የተነገረው በአመዛኙ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ይመለከታል፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ ለምሳሌ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በገጠር የክርክሩ እምብርት ቤት ሳይሆን የእርሻ ይዞታ ነው፤ በሁለቱም ስም የወጣ የይዞታ ደብተር ባለበት አካባቢ ሚስቲቱ ያለ ጠበቃም ቢሆን የምትይዘው ማስረጃ ስላላት ክርክሩ ይቀልላል። እስላማዊ ሥርዓት ተከትለው የተጋቡና ለዚያ ፈቃዳቸውን የሰጡ ወገኖች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መዳኘት ይችላሉ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጉዳይ ዋጋው የሚንርበት የተለየ ምክንያት አለው። አንደኛው ወገን የሌላ አገር ዜግነት ሲኖረው ወይም የውጭ ሕግ ጥያቄ ሲነሣ ጉዳዩ የዓለም አቀፍ የግለሰብ ሕግ ነገር ይሆንና ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመራል፤ በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ የተሰጠ የፍቺ ፍርድ በኢትዮጵያ ባለ ንብረት ላይ እንዲፈጸም የሚፈልግ ሰውም ማመልከቻ የሚያቀርበው እዚያው ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርዱ የተሰጠበት አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ከመመዘኛዎቹ አንዱ ስላደረገው፣ እዚያ ተከፍሎ የተገኘው ፍርድ እዚህ እንደገና ሌላ ጠበቃ ያስቀጥራል።

ከሁሉ የከፋው በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የቆዩ ሴቶች ዕጣ ነው። ለዓመታት የላኩት ገንዘብ ቤት ሆኖ በባል ስም ተመዝግቦ ይገኛል፤ ንብረቱን እንዲያስተዳድርም ሙሉ ውክልና የሰጡት ለራሱ ለባል ነው። ሕጉ ከእነርሱ ጋር ነው፤ ንብረቱ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት ሊሸጥ አይችልም፣ ከተሸጠም ያልተስማማው ወገን ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ግን ሽያጩን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ከሁለት ዓመት ሳይዘገይ መቅረብ አለበት፤ ዓመት ሙሉ ስልክ ለሚከለከል ሰው ይህ አጭር ጊዜ ነው። ፍቺ ያሰበች፣ በውጭ አገር ያለች ሴት የመጀመሪያ ወጪዋ ለጠበቃ ሳይሆን በኤምባሲ በኩል ለባሏ የሰጠችውን ውክልና ለመሻር ቢሆን ይመረጣል፤ ለጠበቃዋ የምትሰጠው አዲሱ ውክልናም ለመከራከር እንጂ ቤት ለመሸጥና ገንዘብ ለመቀበል የማይበቃ እንዲሆን ቃሉን ማስመረመር አለባት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሽያጭና ለዕርቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል የሚለውም ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ይህ አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ የፈቀደና የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን ያቋቋመ ነው። ባለጉዳዩ ውል ከመፈረሙ በፊት ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ የትኛው ፍርድ ቤት ድረስ እንደሚያስከራክርም መጠየቅ ይኖርበታል። በውሉ ላይ ደግሞ ክፍያው ፍቺውን ብቻ ነው ወይስ ክፍፍሉንም ያጠቃልላል፣ ይግባኝና አፈጻጸም አሉበት ወይስ የሉበትም፣ መቶኛ ከሆነ ከየትኛው መጠን ላይ ነው፣ ታክሱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ተጋቢዎቹ በመሐል ቢታረቁ የተከፈለው ምን ይሆናል የሚሉት በግልጽ መጻፍ አለባቸው። የመጨረሻው በተለይ ይዘነጋል፤ በማሰላሰያው ጊዜ የታረቁ ባልና ሚስት ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ ውል ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት አጋጣሚ ሊኖር አይገባም።

የጠበቆች ማኅበሩ ዋጋ እንዲተምን መጠየቅ ከውል ነጻነት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ለቤተሰብ ጉዳይ ግን አስገዳጅ ያልሆነ፣ በየደረጃው የተከፋፈለ የክፍያ መነሻና ናሙና የጥብቅና ውል አዘጋጅቶ በየቤተሰብ ችሎቱ ሬጅስትራር ቢያስቀምጥ፣ በመቶኛ የሚደረግ ስምምነትም ክርክር በተነሣበት ድርሻ ላይ ብቻ እንዲወሰን በሥነ ምግባር ደንብ እንዲደነገግ ቢያሳስብ፣ ከማኅበሩ የሚጠበቅ ሥራ ነው።